እጁ የማይደርስበት

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊ» ይለዋል። ከሚሊሜትር መሆኑ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው «ትንሽ ቀንስልኝ» ያለ እንደሆነ ፊቱ ይለዋወጣል። «ትንሽ ስንት ነው? ይህን ሙያ ያዋረዱት ትንሽ እያሉ የሚቆርጡ ናቸው» ይልና ሜትሩን ካንገቱ ያወርዳል። በአሥራ አራት ዓመቱ የገባበት ሥራ ነው፤ አሁን ሃምሳ ሦስት ሞልቶታል። መንገድ ላይ ሰላም የሚለውን ሰው እጁን ሳይጨብጥ ትከሻውን ያያል፤ አንደኛው ትከሻ ዝቅ ያለ እንደሆነ የሰውየውን ጤና ሳይጠይቅ ያውቀዋል። እኔን ለጋብቻ ሊጠይቅ ቤታችን በመጣ ቀን እንኳ እናቴ እያናገረችው ዓይኑ መጋረጃው ላይ ተተክሎ ቀረ። ኋላ ብጠይቀው «ጠርዙ ወደ ግራ ሁለት ሴንቲ ያዘነብል ነበር፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። እናቴ ግን ዓይነ አፋር ነው ብላ ወደደችው።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። በሩ አጠገብ የእሱ የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የእኔ ወንበር። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እጠልፋለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ነዝናዛ ደንበኛ የመጣ ጊዜ ደግሞ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን እንዲህ ኖርን። ሴት ልጃችንን ያሳደግነው እዚያው ጠረጴዛ ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ እያጫወትን ነው። አሁን ራቅ ያለ ከተማ አግብታ ትኖራለች።

ሽፍታው መጀመሪያ የወጣው ወገቡ ላይ ነው፣ ልክ ቀበቶው በሚያርፍበት። «ቁንጫ ነው» አልኩና ፍራሹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ እስኪበቃኝ ወቀጥኩት። በማግስቱ ብብቱ ሥር ወጣ። ከዚያ ጭኑ ላይ፣ ከዚያ አንገቱ ዙሪያ። ቀይ ሆኖ ጉብ ጉብ ይላል፤ ዳር ዳሩ ከፍ ያለ፣ መሀሉ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የሚተኩስ ነገር ነው። ያሳክከዋል ስል ተራ ማሳከክ እንዳይመስላችሁ። ደንበኛ ፊት ጨዋ ሆኖ ቆሞ ይለካና ሰውየው እንደወጣ ጀርባውን በበሩ መቃን ላይ ይፈትጋል፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሁለት ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ እልም ይላል። ምልክት የለው፣ ጠባሳ የለው። ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ይነሣል።

በቤታችን ያልተጠረጠረ ነገር አልነበረም። እንቁላል ታገደ፣ ወተት ታገደ፣ ዓሣና ቲማቲም ታገዱ። የልብስ ሳሙናው ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ልጃችን የላከችልኝ ሽቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባሁት፣ ለጎረቤት ተሰጠ። ሁለት ወር ሙሉ ሩዝና ድንች ብቻ በልቶ ሽፍታው ሲብስበት «ድንቹ ይሆን?» አለኝና ከት ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ጫማ ጠጋኝ «ጉበት ነው» አለ። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ «ብርድ ነው» አለ። የባሌ ታላቅ እህት ደግሞ መጥታ ገላውን አገላብጣ አየችና «ይሄ ሐሳብ ነው፤ ሰው ቤቱ ካልተመቸው ገላው ይናገራል» አለች። ይህን ስትል የምታየው እኔን ነበር። ምሳ አቅርቤላት፣ አጉርሼያት ሄደች።

ወደ ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ወሰድኩት። ሁለቱንም ጊዜ ከቤት ስንነሣ ገላው ነዶ ነበር፤ ወረፋ ጠብቀን ስማችን ሲጠራ ግን ቆዳው የሕፃን ቆዳ መሰለ። የሚመረምረው ልጅ ሸሚዙን አስወልቆት ዞር ዞር ብሎ አየና «አባቴ፣ የቱ ጋ ነው?» አለው። ባሌ አፈረ። ምን ማፈር ብቻ፣ እንደ ሌባ አንገቱን ደፋ። በዕድሜው ሙሉ ግማሽ ሴንቲ ያልዋሸ ሰው ነው። ስንመለስ «ውሸታም አደረገኝ» አለ፤ ማን እንዳደረገው ግን አልነገረኝም፤ ቆዳውን ይመስለኛል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ሸሚዙን አወለቀ። የመቁረጫውን ጠመኔ አነሣና ክንዱ ላይ የወጣውን እብጠት ዙሪያውን አሰመረው። ሆዱ ላይ ያለውንም እንዲሁ። ከዚያ ጠመኔውን ለእኔ ሰጠኝና ጀርባውን አዞረ። «እጄ የማይደርስበትን አንቺ አስምሪው። መስመሩ ላይ በትክክል ሂጂ።» የደንበኞች ልኬት የሚጻፍበትን ደብተር ከፍቶ አዲስ ገጽ ላይ የራሱን ስም ጻፈ። «የቀኝ ትከሻ፣ አራት በስድስት ሴንቲ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የግራ ጎን፣ ሦስት በሦስት ተኩል፣ ዘጠኝ ተሩብ።» ኮት ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ እንጂ የታመመ ሰው አይመስልም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። እሱ ከፊት ያለውን ያሰምራል፣ እኔ ጀርባውን። የባሌን ጀርባ ሃያ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ያወቅሁት ግን ያኔ ነው። የቱ ጋ እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ እንዴት እንደሚጠፋ በቃሌ ያዝኩት። ከሁሉ የሚበዛው በሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል ነበር፤ ቀን አይዘልም። በሦስተኛው ጉዞ ጤና ጣቢያ ስንደርስ እንደ ልማዱ ሁሉም ጠፍቶ ነበር፤ የጠመኔው መስመር ግን ገላው ላይ ቀርቷል። የሚመረምረው ልጅ መጀመሪያ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ደብተሩን ሲያገላብጥ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ወደ ቆዳ ሐኪም የሚያስገባ ወረቀት ጻፈልን። ቀጠሮው ከአንድ ወር በኋላ ነበር።

ወሩ ሳይሞላ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

አንዲት አስተማሪ ጃኬቷን ልትለካ መጥታ ነበር። ባሌ ስፒል በከንፈሩ ይይዛል። ልብስ ሰፊ ሁሉ ይይዛል፤ የእሱ ግን ሁልጊዜ ሰባት ነው፤ ስድስትም ስምንትም ሲሆን አይቼ አላውቅም። ሴትየዋን መስታወቱ ፊት አቁሞ ከጀርባዋ ሆኖ ኮሌታዋን ያስተካክላል። እኔ ጥጌ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። ቀና ስል ከንፈሩ የሌላ ሰው ከንፈር ሆኗል። አብጦ፣ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ስፒሎቹ ሥጋው ውስጥ ተተክለዋል፤ እሱ ግን አልተሰማውም፤ ሥራውን ይሠራል። «አንተ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ የእሱ አልነበረም፤ አፉን በጨርቅ እንደጠቀጠቁበት ሰው ታፍኖ ነው የወጣው። ምላሱም አብጧል።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጄ ደም በደም ሆነ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው የለም። ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ ፈለግሁ፤ የለም። አስተማሪዋ ግማሽ ጃኬት ለብሳ መንገድ ላይ ወጥታ መኪና አስቆመች። መኪናው ውስጥ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ አየር የሚስበው እያፏጨ ነው። ዓይኑ ፈጥጦ እኔን ያያል፤ እኔ ደግሞ በልቤ ስፒሉ ጉሮሮው ውስጥ ነው እላለሁ፣ ስፒሉ ነው የሚያፏጨው። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕይወቴ አላውቅም። ልጄን ስወልድ እንኳ አልነበረም።

ድንገተኛ ክፍል ጭኑ ላይ መርፌ ወጉት፤ ክንዱ ላይም ሌላ ተከሉበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ትንፋሹ ተከፈተ። ሰባተኛው ስፒል በአስተማሪዋ ኮሌታ ላይ ተሰክቶ ተገኘ፤ ከንፈሩ ከማበጡ በፊት የሰካው ነው። በቀጥታ መስመር ላይ፣ ልክ በቦታው።

ከዚያ በኋላ የቆዳ ሐኪሟ ቀጠሮውን ሳንጠብቅ ተቀበለችን። ልጃችንን የምታህል ሴት ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «አባቴ፣ እንደዚህ የመዘገበልኝ ሰው የለም» አለች። ባሌ ቀና አለ፤ ከዚያን ቀን በፊት ለሁለት ወር ቀና ሲል አላየሁትም። ብዙ ጠየቀችው፤ ደም አስመረመረችው፤ ሁሉም ደህና ሆነ።

«አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ» አለች በሁለተኛው ቀን። «አዲስ ጨርቅ ላይ ቀለም አለ፤ እንዳይጨማደድ የሚነከርበት ኬሚካል አለ። እርስዎ ቀኑን ሙሉ በእጅዎ ይይዙታል፣ አቧራውን ይተነፍሱታል፣ ክሩን በጥርስዎ ይቆርጡታል። ስለዚህ አሥር ቀን ሱቁ እንዳይገቡ። አዲስ ጨርቅ እንዳይነኩ። ቤት ሆነው በየቀኑ ይመዝግቡ። ሽፍታው ከጠፋ ጨርቁ ነው ማለት ነው። ከቀጠለ ጨርቁ አይደለም።»

«ጨርቁ ከሆነስ?» አላት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያኔ ሥራውን መተው ነው። ጉሮሮ ላይ አንዴ የመጣ ነገር ሁለተኛ ሲመጣ ሊብስ ይችላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሌላ ሥራ ይፈልጉ እላለሁ።»

ከንፈሩ ካበጠ የሚውጣቸውን ክኒኖች ይዘን ወጣን። ደረጃው ላይ ቆመና «ሌላ ሥራ ምን?» አለኝ። ይህን ሰው ከጨርቅ ነጥለው ቢያስቀምጡት ምን እንደሚቀር አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሰዎች ላይ ሲደርስ አይቼ የማላውቀው ነገር በእኛ ቤት ሆነ፤ ሽፍታ መለመን ጀመርን። ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ክንዱን ያያል። ንጹሕ ነው። ጀርባውን ለእኔ ያሳየኛል። ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ቀን፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ስንት ጊዜ ያማረርንበት ቆዳ ምንም ሳይወጣበት ሲቀር ቤታችን ውስጥ የሚናገር ሰው ጠፋ። እኔ ጠዋት ሱቅ እከፍታለሁ፣ ጠርዝና ቁልፍ የሚፈልገውን አስተናግዳለሁ፣ ለሌላው «ሚሊ አረፍ ብሏል፣ ይመለሳል» እላለሁ። ምሳ ሰዓት ቤት ስመለስ ወንበሩ ላይ እጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ጋዜጣ አያነብ፣ ሬዲዮ አይከፍት። አራተኛው ቀን ላይ ጣቶቹ በአየር ላይ ክር ሲያስገቡ አየሁ፤ እሱ አላወቀም። አላየሁም ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት በሩን ስከፍት ቆሞ ጠበቀኝ። «መጣ!» አለኝ። የግራ ክንዱ፣ ሆዱና ሁለቱ ጭኖቹ ቀልተው ነበር። ዕቃዬን መሬት ላይ ጥዬ አቀፍኩት። እየተቃጠለ አቀፍኩት። ሁለታችንም ስንስቅ ያየ ሰው ዕጣ የወጣልን ይመስለዋል። «ጀርባህን አዙር፣ ላስምርልህ» አልኩት። «ጀርባዬ ላይ ምንም የለም» አለኝ። እውነትም አልነበረም።

በስድስተኛው ቀንም መጣ፤ በሰባተኛውም፤ በስምንተኛውም። ሁልጊዜ እኔ ሱቅ ሳለሁ። ሁልጊዜ ክንድ፣ ሆድ፣ ጭን። ጀርባው ንጹሕ። ስምንተኛው ቀን ላይ «ጀርባህን ልየው» ስለው «ዛሬ ተይው፣ ደክሞኛል» አለ። ደስታዬ የዚያን ጊዜ ቀዘቀዘ። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የማውቀው ጀርባ ነው፤ ቀን የማይዘለው የትከሻው መሀል አራት ቀን ሙሉ እንዴት ዝም ይላል? ደግሞ የክንዱ እብጠት ዳሩ እንደ በፊቱ የተከበበ አልነበረም። ተራ ይዞ የተነሣ፣ የተሰለፈ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጥብ ያለው ነገር ነበር።

በዘጠነኛው ቀን እሱ ሲታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከአጥራችን ሥር የነኩትን ሁሉ የሚለበልብ ሳማ በቅሏል፤ ዓመት በዓመት እንዲነቀል እነዘንዛለሁ፣ ማንም አይነቅለውም። ዕፀዋቱ ከጫፋቸው ተቆርጠው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዘንጥፎ ይወስዳል፣ ሰብሮ ይወስዳል፣ እኔም ፍየል ገብታ ይሆናል ብዬ አልፈው ነበር። እነዚህ ግን በመቀስ ነው የተቆረጡት፤ ሁሉም በአንድ ቁመት፤ ሜትር ይዘው ያስተካከሏቸው ነው የሚመስሉት። ባሌ ሰው እንዳያውቅበት የሚሰርቀውን ሳማ እንኳ አስተካክሎ ነው የቆረጠው። እዚያው አጥር ሥር ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

ምን እንዳሰበ ገባኝ። ሽፍታው ከቀጠለ ጨርቁ አይደለም፣ ሱቁን ይከፍታል። ጨርቁ ከሆነ ግን፣ እና እኔ ዝም ካልኩ፣ አንድ ቀን ሰባት ስፒል ከንፈሩ ላይ ይዞ እንደገና ይታፈናል። ዝም ካላልኩ ደግሞ ሙያውን በእጄ እነጥቀዋለሁ። ያን ማታ እሱ ዓይኔን ፈርቶ፣ እኔም ዓይኑን ፈርቼ እራት በላን።

በማግስቱ የቀጠሮው ቀን ነበር። ሐኪሟ ደብተሩን ገለጠች። «አምስት ቀን ቀጥሏል» አለች፤ ፊቷ ፈካ። «ጥሩ ነው፤ እንግዲህ ጨርቁ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ...»

«ዶክተር» አልኩ። «ሳማ ነው። ጓሯችን ያለ ሳማ። ራሱ ነው ያደረገው።»

ባሌ አላየኝም። የሚያየው የእሷን ነጭ ካፖርት ኪስ ነበር፤ አንዱ ማዕዘን ተተርትሯል። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችና «አባቴ፣ ለምን?» አለችው። «ሌላ የማውቀው ነገር የለም» አላት። እሷ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። «ከዛሬ ጀምረን እንደገና አሥር ቀን እንቆጥራለን። አሁን ግን እርስዎ በዓይንዎ ሲነሣ ያላዩት አይቆጠርም።»

በመንገድ አንድ ሃያ እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ። ቤት ስንገባ ጫማውን አውልቆ አስተካክሎ አስቀመጠና፣ «በሰው ፊት» አለኝ። «ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን፣ በሰው ፊት።»

«መኪናው ውስጥ ስትታፈን ፊትህን ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «አንተ አላየኸውም። አንተ ያየኸው የእኔን ፊት ነው።»

ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሳማው ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ታስሮ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ስለዚህ ነገር እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። ገላው ግን ንጹሕ ነው። አምስተኛው ቀን ንጹሕ። ስድስተኛው ቀን ንጹሕ። አሁን የሚዋሽ የለም፤ በዚሁ ከቀጠለ ጨርቁ ነው ማለት ነው።

ሰባተኛው ቀን ላይ እራቱን በልቶ ሲጨርስ አሮጌ ጋዜጣ አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ነይ ወዲህ» አለኝ። «ኮት መቁረጥ ላሳይሽ። ጨርቅ መንካት ለእኔ ነው የተከለከለው፣ ላንቺ አይደለም።» ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መቀሱን አስነክቶኝ አያውቅም። አሁን እጄን በእጁ ይዞ ጋዜጣው ላይ ይመራኛል። «ብብቱን አታጥብቢበት፣ ሰው እጁን ማንሣት አለበት። አይ፣ አይ፣ ቀስ። መቀሱን አትዝጊው፣ ጫፉን ክፍት አድርገሽ ግፊው።» ሥራውን እያወረሰኝ መሆኑ ሲገባኝ ፊደሎቹ ዓይኔ ውስጥ ተደበላለቁ። «አይታየኝም» አልኩት። «መነጽርሽን አድርጊ» አለኝ።

በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ ነበር፣ ሱቅ ዝግ ነው፣ ከቁርስ በኋላ እጅጌውን እየቆረጥን ሳለ መቀሱን አስቀመጠ። «ጀርባዬን እያሳከከኝ ነው» አለ። ወደ እኔ አልዞረም።

አላመንኩትም። ልቤ ሊያምን ዘሎ ነበር፤ እኔ ግን ያዝኩት። አንድ ሜትር የሚሆነው የእንጨት መለኪያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ነገር ከታሰረበት ጀርባ ይደርሳል። ምን እያሰብኩ እንደነበር አይቶ አወቀ። በሌላ ቀን ቢሆን በቁጣ ቤቱን ያናጋው ነበር። ያን ቀን ሸሚዙን አወለቀ፣ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፣ ሁለት እጁን መዳፉን ዘርግቶ ጋዜጣው ላይ አሳረፈ። «ቁጭ በይና እይ» አለኝ። «አልንቀሳቀስም።»

ትከሻዎቹ መሀል አንድ እብጠት ተነሥቶ ነበር። ዙሪያውን አሰመርኩትና ከኋላው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አየሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም። ሰው በር አንኳኳ፤ አልከፈትንም። ሰዓቱ ያዘግማል። የመጀመሪያው እብጠት ዳሩ ከመስመሩ እየሸሸ፣ እየሳሳ፣ ካንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጠፋ፤ ባዶ ክብ ብቻ ቀረ። ሌላ አልመጣም። እጆቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ የሚያሳክከው ሲመስለኝ ጣቶቹ ጋዜጣው ላይ ሲጫኑ አያለሁ እንጂ ሌላ አልነበረም። ከተቀመጥን ሁለት ሰዓት ሞላ። ወገቤ ተቆረጠ። ተስፋ ለመቁረጥ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የመጀመሪያው እብጠት ሲነሣ ስላላየሁት ይቆጠር እንደሆነ፣ ለሐኪሟ ምን እንደምል እያሰብኩ።

ከክቡ በታች፣ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ቀላ። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። ከዚያ መሀሉ ላይ ነጥብ ወጣ። ነጥቡ ሰፋ። ዳሩ ተነሣ። ዓይኔ እያየ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ገላው ራሱ ገፍቶ አወጣው። ያን ሁሉ ወራት ወጥቶ እንጂ ሲወጣ አይቼው አላውቅም።

«ምንድን ነው?» አለ። ተሰምቶታል። «ንገሪኝ እንጂ።»

«መጣ» አልኩት። «ዓይኔ ሥር ነው የተነሣው። አየሁት።»

ግንባሩን ጋዜጣው ላይ ደፋ። ትከሻዎቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ እብጠቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከኋላው ሆኜ ማወቅ አልቻልኩም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ባሌ ታመመ ብዬ ተመስገን አልኩ። አጎንብሼ እብጠቱ ላይ እፍ አልኩበት፣ ለተቃጠለ ልጅ እፍ እንደሚባለው።

ከዚያ ሸሚዙን አጥልቆ ተነሣ። የሸሚዙን ቁልፎች አሳስቶ ቆለፈ፤ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። «የሱቁን ቁልፍ ስጪኝ» አለ። «እሑድ ነው፣ ሐኪሟንም አልጠየቅን» አልኩት። «አልሰፋም፣ መኪናውን ዘይት ብቻ እቀባለሁ፣ ቁጭ ብቻ እላለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። በሩን ከፍቶ ሲወጣ አረማመዱ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር።

ደስታዬ መንገዱ እስኪያልቅ አልቆየም። ጨርቁ ካልሆነ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በኋላም ሐኪሟ «ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም፣ በክኒን እያስታገሱ መኖር ነው» አለችን። ጨርቅ ቢሆን ጨርቅ ይሸሹታል፤ የማይታወቀውን ነገር ግን ከየት ይሸሹታል? ምሳ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ መንገድ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ዛሬ ሊመጣ ይችላል። እሱ ይህን አላሰበም፤ ሱቁን አገኘ፣ በቃው። ክኒኖቹ ቦርሳዬ ውስጥ መኖራቸውን በእጄ እየዳበስኩ፣ ሳያየኝ፣ ከኋላው ተከተልኩት።